በወዲያ በኩል ያለው ገመድ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኋላ እንዳትፈርዱበት ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጾሙን የሚጾም፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ፣ ጎረቤት የሚወደው ሰው ነው። በኪሱ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይይዛል። ቁልፉ የቤቱ አይደለም፤ የእድሩ ነው።

ስሙ ደምለው ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ደምለው ይለዋል። የሚኖረው ክረምቱ በሚበረታበት ደጋ ከተማ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ማታም አይጠግብም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የእናንተ እድር ዕቃውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን? የእነ ጋሽ ደምለው እድር የሚያስቀምጠው በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነበር። ባለ መኪናው ከተማውን ሲለቅ «ለሙታን መሸኛ ይሁን» ብሎ የሰጣቸው ነው። ታዲያ በሩ እንደኛ ቤት በር የሚገፋ አይደለም። ወደ ላይ የሚነሳ ከባድ የብረት በር ነው። ግራና ቀኙ ሐዲድ አለው፤ ትናንሽ ጎማዎቹ በዚያ ውስጥ ይሄዳሉ። ግራና ቀኙ ደግሞ አንዳንድ የብረት ገመድ ታስሮበታል፤ ከላይ የተጠመጠመ የብረት ሞላ ይስባል፣ ገመዶቹ በሩን ያነሳሉ። ሁለቱ ገመዶች እኩል ከሳቡ ያንን ሁሉ ብረት አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል። አንዱ ስቦ ሌላው ከላላ ግን በሩ ይንጋደድና ሐዲዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ቢሰበሰብ አያነቃንቀውም።

እድርተኛውም አስተዋይ ነው፤ «ማንም ብቻውን እንዳይከፍት» ብሎ በሩን በሁለት ቦታ አስቆለፈው። የግራው ቁልፍ ለጋሽ ደምለው፣ የቀኙ ለጋሽ ይርዳው ተሰጠ። ለምን ለነሱ? ስለሚዋደዱ ነዋ። አበልጆች ናቸው። የጋሽ ደምለው ሚስት እትዬ ዘርፌ የጋሽ ይርዳውን ልጅ ሥርጉትን ክርስትና አንስታለች። ፋሲካን አንዱ ቤት ጀምረው ሌላው ቤት የሚጨርሱ ሰዎች ነበሩ። በሩን ሲከፍቱም አብረው ነው፤ ይርዳው ያነሳል፣ ደምለው ደግሞ በሩ ጉልበት ያህል ከፍ ሲል አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ከሥሩ ያስገባል። ድንገት ቢወድቅ ሰው እንዳይቆርጥ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ወዳጁ እጁን እንዳይጎዳ ብሎ ከራሱ ያመጣው ሥራ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በሰፈሩ አንድ አዛውንት ሞተው ድንኳን ሊወጣ ሲል፣ በሩ አልነሳ አለ። ሰው ጥላ ይዞ ቆሟል። ጋሽ ይርዳው ቀልደኛ ነው፤ ለቅሶ መሆኑም አያግደው። «እኔ በኩል ደህና ነው» አለ፤ «የያዘው የደምለው በኩል ነው። እሱ እንደሆነ ከልጅነቱም ሲጎተት ነው የኖረው።» በለቅሶ መሃል ሰው ሣቀ።

ቀልድ ነበር? ቀልድ ነበር። ቀልድ ግን የሰው ልብ ሲገባ ቀልድነቱን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው። ጋሽ ደምለው ያን ቀን በሩ በስንት ትግል ሲነሳ ድንኳኑን አወጣ፣ አግዳሚውን ተሸከመ፣ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ለይርዳው ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ቆይቶ እሷም ቀረች።

«በሰው ፊት የተናገረኝን በሰው ፊት ያንሳልኝ» ይላል። ይርዳው ደግሞ «ለአንዲት ቀልድ ያኮረፈ ሰው ራሱ ይምጣ» ይላል። ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ይህን ነገር የማታውቁ እንዳትመስሉ። ከኋላ ያላችሁትም አንገታችሁን አትድፉ፤ ገና ነው።

አሁን ጋሽ ደምለው ምን አደረገ መሰላችሁ? በእልህ የራሱን በኩል ማሳመር ያዘ። ሐዲዱን ግራሶ ቀባ፤ የተጣመመውን በመዶሻ አቀና። አንድ ለቅሶ አብቅቶ ዕቃ በሚመለስበት ቀን፣ በሩን ወደ ላይ በግንድ አስደግፎ፣ የራሱን በኩል አሮጌ ገመድ ፈትቶ አዲስ አሰረ። «ከእንግዲህ የደምለው በኩል ያዘ የሚል ካለ እንተያያለን» አለ በልቡ። እጁን እየጠረገ ቀና ሲል ዓይኑ በወዲያ በኩል አረፈ።

የይርዳው ገመድ አልቋል። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተበጥሰው እንደ ጃርት እሾህ ቆመዋል፤ በሩን የያዙት መሃል ላይ የቀሩ ጥቂቶች ናቸው። ደምለው አየው። በደንብ አየው። ይርዳው እዚያው ውስጥ አግዳሚ እየደረደረ ነበር፤ ቢጣራ ይሰማዋል። አፉንም ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና በልቡ አንዲት ቃል ተናገረ።

«ይየው።»

አያችሁ፣ ያ በር የሚከፈተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በለቅሶ ቀን ስለ ገመድ ማን ያወራል? ያስነውራል። ከለቅሶ በኋላ ደግሞ በሩ ተዘግቷል፤ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ያየው ሰው ካልተናገረ ሌላ የሚናገር የለም። ያየው ሰው ደግሞ «ይየው» ብሏል።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ደስ እያለው ነው የነገራት፤ ይህን አልደብቃችሁም።

«የይርዳው ገመድ ሊበጠስ ነው» አላት።

እትዬ ዘርፌ እንጀራውን ትታ አየችው። «ነገርከው?»

«ምን ብዬ? የያዘው የደምለው በኩል ነው ሲል አልነበር? የራሱን በኩል ይየው።»

«ደምለው፣ እሱ እኮ ከሥሩ ይገባል።»

«ዓይን አለው።»

«አንተም አፍ አለህ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እራቱን ብቻውን ጨረሰ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እትዬ ዘርፌ ታመመች። መጀመሪያ ሆዴን አለች፣ ከዚያ ወገቤን አለች፣ ከዚያ አልጋ ላይ ቀረች። ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ጠበል ወሰዷት። ሐኪሙም ካህኑም ለደምለው ሲነግሩት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ድምፅ ዝቅ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሥርጉት ከአጠገቧ አልጠፋችም፤ የክርስትና እናቷ ናት። ይርዳውም ይጠይቃታል። ግን መቼ? ደምለው ሲወጣ ጠብቆ። ደምለው ከበሩ ወጥቶ ሲታጠፍ፣ ይርዳው በወዲያ በኩል ይመጣል። ደምለው ሲመለስ ወንበሩ ይሞቃል፤ ማን እንደተቀመጠበት ያውቃል፣ ግን አይጠይቅም። ዘርፌም ተኝታ ይህን ሁሉ ታያለች።

አንድ ቀን ደምለው ከአልጋዋ ራስጌ ተቀምጦ፣ እንደ አገራችን ወግ ጠየቃት። «ዘርፌ፣ ምን ያምርሻል? አጥሚት ላሠራልሽ? ማር ላምጣልሽ?»

«የሚያምረኝን ብነግርህ ታመጣልኛለህ?»

«ከየትም ብዬ።»

«ሩቅ አይደለም» አለች። «አንተንና ይርዳውን እዚህ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ማየት አማረኝ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሁለታችሁን አንድ ላይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ሌላ ምንም አላማረኝም።»

ወገኖቼ፣ ለምትሞት ሴት ይህ ከባድ ልመና ነው? ይርዳው እኮ ከአጥሩ ማዶ ነው። ቢጣሩ ይሰማል።

ጋሽ ደምለው «እሺ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ «ሥላሴ ይለፍና» አለ። ሥላሴ አለፈ። «ፍልሰታ ሲገባ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይታረቃል፤ ደስ ይላል» አለ። ፍልሰታ ገባ። ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ ሲሄድ ይርዳው ከፊቱ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል፤ ጀርባውን እያየ ይጸልያል፤ «ይቅር በለን» ይላል። ሲመለስ ዘርፌ ዓይኗን በሩ ላይ ታደርጋለች። ብቻውን መሆኑን ታይና ዓይኗን ትከድናለች። «ጾሙ ይፈታና» ይላታል።

ጾሙ ከመፈታቱ በፊት ዘርፌ ሞተች።

ጎህ ሲቀድ ነው፤ ደምለው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሥርጉት ብቻ ነበረች። ኋላ ሲጠይቃት እንዲህ አለችው፤ «ጋሼ፣ ምንም አላሉም። በሩን እያዩ ነበር።»

ጡሩምባ ተነፋ። ሰው መጣ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ እየወረደ ነው፤ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ ለቀስተኛው አጥር ሥርና ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጣብቆ ቆሟል። ድንኳን ያስፈልጋል። ጡሩምባ ነፊው ደምለው ካለበት ገባና አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሽ ደምለው፣ ቁልፉን» አለው። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ስለዚህ የሱን ቁልፍ ሌላ ሰው ይዞ መሄድ ነበረበት።

ደምለው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ገመዱ ትዝ አለው፤ እንደ ጃርት እሾህ የቆሙት ሽቦዎች ትዝ አሉት። ድንጋዩን በእግሩ የሚገፋ ሰው እንደሌለም ትዝ አለው፤ የሚገፋው እሱ ነበርና። «ገመዱን እዩት፤ ይርዳው ከሥሩ እንዳይገባ» ለማለት አፉን ከፈተ።

ቤቱ ግን በሰው ሞልቷል። የሚስቱ ሬሳ ፊቱ ነው። ‹ሚስቱን አስተኝቶ ስለ ጋራዥ በር ያወራል ይሉኛል› ብሎ አሰበ። ይሉኝታ ያዘው። ቁልፉን ሰጠና አፉን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ጠበቀ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እሱ አያለቅስም፤ ጆሮውን ወደ ውጭ ነው የጣለው። ጋራዡ ሩቅ አይደለም። የበሩ ጎማዎች ሐዲዱ ውስጥ ሲንሲያጠጡ ሰማ። እየተነሳ ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ሰማ፤ ከሱ ቀጥሎም የሰው ጩኸት ሰማ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው «ምንድን ነው?» ተባባለ። ደምለው ብቻ አልጠየቀም። ያኔ ነው ያለቀሰው። ሰው ሁሉ ለሚስቱ ያለቀሰ መስሎት «አይዞህ፣ አይዞህ» አለው።

የሆነው ይህ ነው። የግራው አዲስ ገመድ ሳበ፤ የቀኙ አሮጌ ገመድ ተበጠሰ። በሩ በአንድ በኩል ተንጋዶ ወደቀና ሐዲዱ ውስጥ ተቀረቀረ። ጋሽ ይርዳው «የዘርፌ ድንኳን ነው፣ ቶሎ በሉ» ብሎ ቀኝ እጁን ከሥሩ ከቶ ነበር። ድንጋዩ አጠገቡ ነው፤ ማንም አልገፋውም።

የተጨፈለቀ እጁን አውጥተው በነጠላ ጠቅልለው ሐኪም ቤት ወሰዱት። በሩንም ጎረምሶቹ ታገሉት፣ ታገሉት፣ ትተውት ተመለሱ። ድንኳኑ ጋራዡ ውስጥ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ሳትቀር የደረሰች ሴት፣ የሷ ለቀስተኛ ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ። አሮጊቶች ነጠላቸው እስኪጨመቅ ረጠቡ። ፍታቱም ቀብሩም በዚያው ዝናብ አለቀ።

ማታ ይርዳው እጁ በፋሻ ታስሮ መጣ። ግቢው ውስጥ፣ ድንኳን መኖር በነበረበት ቦታ፣ አግዳሚ ስለሌለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ይወርድበታል። ደምለው በመስኮት አየው። ውጣ ውጣ አለው ልቡ፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። ምን ይበለው? የጠላው ሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ የበደለው ሰው ሆነ። ከጠላነው ይልቅ የበደልነውን ማየት ይከብደናል።

በአርባዋ ቀን፣ ተዝካሩ ካበቃ በኋላ፣ ጋሽ ደምለው ወደ ጋራዡ ሄደ። እዚያ ደጃፉ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ አነሳውና ማጅራቱ ላይ ጫነው። ሽማግሌ አልላከም፤ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ አልፏል። በቀን፣ ሰው እያየው፣ በሰፈሩ መሃል ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። በሰው ፊት ይሁንልኝ ሲል አልነበር? ይኸው በሰው ፊት።

ይርዳው በረንዳው ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፋሻው ወልቋል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ደምለው ከፊቱ አጎነበሰ።

«ይቅር በለኝ። ገመድህን አይቼው ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።»

ይርዳው የማይታጠፉ ጣቶቹን አየ። ከዚያ «እኔም አይቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«አንተ በኩል ብቻ አዲስ ገመድ ስታስር። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ እንደማይሆን አውቃለሁ። በሩ መንጋደድ ሲጀምርም አይቻለሁ። ‹እሱ ያመጣው ነው፣ ይየው› አልኩ።»

ይየው። ያችው ቃል ናት። ሁለቱም ቤት ተቀምጣ ኖራለች።

ይቅር የሚል ሰው ድንጋዩን በእጁ ያወርዳል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ድንጋይ ለማውረድ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ይርዳው በግራ እጁ ያዘ፣ በቀኝ ክንዱ ደገፈ፣ አልቻለም። ሥርጉት ከውስጥ ወጥታ አገዘችው። አወረዱት። ተቃቀፉ። ከዚያ ይርዳው ቦታ ለቀቀለትና ደምለው አጠገቡ ተቀመጠ።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። በአንድ አግዳሚ ላይ። ዘርፌ ያማራት ይህ ነበር።

ሥርጉት ቆማ አየቻቸው፣ አየቻቸውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ይርዳው «ይቅር ብዬሃለሁ ደምለው» አለው። «እኔ ይቅር አልኩህ። እሷን ግን ማን ይንገራት?»

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ጥሩ ፍጻሜ ላገኝለት ሞክሬ ነበር፤ አላገኘሁም። እድሩ በኋላ ሁለቱንም ገመድ በአንድ ቀን አስለወጠ፤ በሩ አሁን በአንድ እጅ ይነሳል። ለይርዳውም የቀረችው አንድ እጅ ናት። ደምለው ዛሬም ቤቱ ሲገባ አልጋው ባዶ መሆኑን እያወቀ ወደ አልጋው ያያል ይባላል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተስ የማንን ገመድ ነው ያያችሁት? የማን ትዳር ሲበጣጠስ አይታችሁ፣ ስላኮረፋችሁት «ይየው» ያላችሁት? የማን ልጅ ሲጠፋ አይታችሁ፣ «የያዘው የእናቱ በኩል ነው» ብላችሁ ዝም ያላችሁት? የራሳችሁን ሐዲድ ግራሶ ስትቀቡ ኖራችኋል፤ ጾሙ አለ፣ ስግደቱ አለ፣ ምጽዋቱ አለ። የራሳችሁ በኩል ያበራል። በሩ ግን አንድ ነው። በአንድ በኩል ብቻ አይነሳም። ባሳመራችሁት ልክ ይንጋደዳል።

ደግሞስ ማን ነው ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ የሚጠብቃችሁ? እናት ናት? አባት ነው? «ሁለታችሁን አንድ ላይ ልያችሁ» ብሎ የለመናችሁ ሰው የለም? ምን አላችሁት? ጾሙ ይፈታ? በዓሉ ይለፍ? እሱ በሰው ፊት ያንሳልኝ? እሱም እኮ ያንኑ እያለ ነው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይላል» ትሉኛላችሁ። ይላል። ይርዳውም ብሏል። የኔ ነገር ስለ ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታ በአርባውም በዓመቱም ይገኛል። ነገሬ ስለዚያች ሴት ነው። እሷ የጠበቀችው ከሰኔ እስከ ፍልሰታ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ የለችም። እግዚአብሔር ደምለውን ይቅር ቢለውም ያንን ክረምት አይመልስለትም። አንዳንድ ነገር የሚሰጠን አንድ ጊዜ ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ስለዚህ ዛሬ ረጅም አልናገርም። ቡራኬው ገና ነው፤ መዝሙርም አለ። ከመካከላችሁ ግን አሁን አንድ ፊት ትዝ ያለው ሰው ካለ፣ አይጠብቀኝ። ይሉኝታ አይያዘው፤ ያ ሰውዬ በይሉኝታ ነው ቁልፉን ሰጥቶ አፉን የዘጋው። ተነሡና ውጡ። ሰው ቢያያችሁ ይያችሁ። በሩ ክፍት ነው፤ እኛም መንገዱን እንለቅላችኋለን።